ወርቅ ሠሪው ዝም ያለ ሳምንት

ከወርቅ ሠሪ ጎን ሱቅ አትከራዩ። የግድ ከሆነባችሁ ደግሞ በመካከላችሁ ያለው ግድግዳ ኮምፔርሳቶ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። የእኔና የኒቆዲሞስ ግድግዳ ኮምፔርሳቶ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ድሬ፣ መጋላ ገበያ ውስጥ ቅባትና ሽቶ ስሸጥ፣ እሱ ማዶ ሆኖ ለደንበኞቹ የሚሰጠውን ትምህርት ሳልመዘገብ ተምሬአለሁ።

ደንበኛ ሲመጣለት እንደ ሰው «እንዴት ዋልሽ፣ ምን ልስጥሽ» ብሎ መሸጥ የሚባል ነገር አያውቅም። አንዷ ትገባና «ቀይ ወርቅ አሳየኝ» ትላለች። በቃ፣ አለቀላት። «የሚያቀላው እኮ መዳቡ ነው። በቀላ ቁጥር መዳቡ በዝቷል ማለት ነው። በወርቅ ዋጋ መዳብ ልሽጥልሽ?» ይላታል። ሴትዮዋ ሰርግ አለባት፣ ባጃጅ አስቁማ ነው የገባችው፤ ይህን ሁሉ ለመስማት ጊዜ የላትም። ወጥታ ከመንገዱ ማዶ ካለው ሱቅ እንደ በርበሬ የቀላውን ገዝታ ትሄዳለች። ሌላዋ አምባሩን ነክሳ ታያለች። «ጥርስሽ ይሰበራል እንጂ ካራቱን አይነግርሽም» ይላታል። ሌላው «ሃያ አራት ካራት ካልሆነ ወርቅ አይባልም» ብሎ ድርቅ ይላል። ኒቆዲሞስም ሃያ አራቱ እንደ ሊጥ የሚለመጥ ስለሆነ ለጣት እንደማይሆን ሊያስረዳው ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። አንዲት ሴት ደግሞ የሉል ጉትቻዋን «እውነተኛ ከሆነ ኮምጣጤ አይነካውም» ተብላ፣ ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፋ አሳድራ ይዛለት መጣች። በአጉሊ መነጽሩ አየና «እውነተኛ ነበር» አላት። ሴትዮዋ አለቀሰች። እያለቀሰችም እሱ ሉል በኮምጣጤ ለምን እንደሚበላ ያስረዳት ነበር።

«አቦ ኒቆ፣ ሽጥና ዝም በል!» ብዬ በግድግዳው እጮኽበታለሁ።

«ሳያውቁ ይግዙ እንዴ፣ በለጡ?» ይለኛል፣ በለጠች የሚለውን ስሜን አቆላምጦ።

ይህን አመል የወረሰው ከአባቱ ነው። አባቱ ሀብተ ማርያም በባቡሩ ደህና ዘመን የጣቢያው ቡፌ አስተናጋጅ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ለፈረንጅ ወይን ሲቀዱ ኖረው ለልጃቸው ያወረሱት ቤት ሳይሆን ደንብ ነው። ስለዚህ ሰርግ ላይ ኒቆዲሞስ ከጎናችሁ ከተቀመጠ ምሳችሁ አበቃ። ቀይ ወይን በኮካ የሚቀላቅል ሚዜ ሲያይ ያቃስታል። ብርጭቆውን ከሆዱ አትያዙት፣ ከእግሩ ያዙት፣ ወይኑን በእጃችሁ ልታፈሉት ነው ወይ ይላል። አንድ ጊዜ ወንድሜ «ውስኪ ብርድ ያስወጣል» እያለ ሲጨልጥ ሰማው። «ውስኪ ከሆድህ ያለውን ሙቀት ወደ ቆዳህ ያወጣዋል እንጂ አያሞቅህም። ለመሆኑ ድሬ ላይ የምን ብርድ ነው የምታስወጣው?» አለው። ወንድሜ እስከ ዛሬ አይወደውም። ኒቆዲሞስ ልክ ነበር። ሁልጊዜ ልክ ነው፤ እኔን የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው።

እንዲህም ሆኖ በሠላሳ ዓመት ሥራው ከእጁ አንዲት ቅንጣት ወርቅ ጎደለች ያለ ሰው የለም። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እኛ ከተማ ወርቅ ማስቀለጥ ለቅሶ ቤት እንደ መቀመጥ ነው። ባለወርቋ የእናቷን ወይም የአያቷን አሮጌ ጌጥ ይዛ ትመጣና፣ ከመቅለጡ ጀምሮ አዲሱ ተሠርቶ እጇ እስኪገባ ከወርቅ ሠሪው ፊት አትነሳም። ምሳዋ እዚያው ይመጣላታል። ለሶላት ስትነሳ እህቷን ወይም ልጇን ተክታ ነው። ለምን ቢባል፣ ወርቅ ሠሪ ዓይን ካልተጣለበት ይሰርቃል ተብሎ ስለሚታመን ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ዓይኑን ሳይነቅል እያየው ሠርቷል። አልተቀየመም። እኔ ብሆን አንዷን በመዶሻው እላት ነበር።

ማርያን የመጣችው በሚያዝያ ነው። ማርያን ሱማሌ ናት፣ ጨርቅ ነጋዴ፤ ድምፅዋ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ይሰማል። ልጇ ዐብዲወሊ ሊያገባ ስለነበር የሟች እናቷን አምባሮች አስቀልጣ ለሙሽራይቱ አንድ ሐብል፣ ሁለት አምባርና አንድ ቀለበት ልታሠራ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ኒቆዲሞስ ፊት ተቀመጠች። ሦስት ቀን ሙሉ እኔም በግድግዳው ሰማኋት።

«ዋር ኒቆ! ገርጥቷል እኮ። አቅላው!»

«የእናትሽ ወርቅ ነው፣ ማርያን። ይኸው መልኩ ነው። መዳብ ልጨምርበት?»

«ሙሽራዬ ቀይ ናት፣ ወላሂ! ወርቁም እንደሷ ይቅላ።»

«ሰው ወርቁንም ልጁንም ካልቀላ አይወድ» አለና መዳብ አልጨምርም ብሎ ሠራው።

ማርያን በመሃል ወደ እኔም ብቅ ብላ የሙሽራይቱን ፎቶ በስልኳ አሳየችኝ። ፋርቱን ነበረች። ልጅቷን አውቃታለሁ። ፎቶው ላይ ያለው ቅላት ግን የፋርቱን አይደለም፣ ስልኩ የሚጨምረው ነው። ፋርቱን የቀይ ዳማ ናት፣ ያውም ቆንጆ። የልጁ ቤተሰቦች ፎቶውን አይተው ወደዱ፤ ልጅቷም እስከ ሰርጉ ፎቶዋን ለመምሰል ሦስት ወር ቀራት። በእነዚያ ሦስት ወራት በየሳምንቱ ሐሙስ እኔ ሱቅ እየመጣች «ኤዶ በለጠች፣ ያቺን ስጪኝ» ትለኛለች። ኤዶ አክስቴ እንደማለት ነው። እኔም ያቺን እሰጣታለሁ።

ያቺ የምትባለው በጅቡቲ በኩል የምትገባ፣ ክዳኗ ወርቃማ የሆነች ክሬም ናት። ማን እንደሠራት አልተጻፈባትም። በአንድ ወር ታቀላለች ይባላል፣ ታቀላለችም። «የቀባት ቀላ» ሲባል የሰማ ሁሉ ይገዛታል። እኔ ምን አገባኝ? ሰው ፈልጎ ይገዛል፣ እኔ እሸጣለሁ። ማዶ ያለው ሰውዬ ሱቁን በትምህርት ባዶ ሲያደርግ የእኔ ሱቅ ሞልቶ የሚውለው ይህን ስለማውቅ ነው እል ነበር።

ሰርጉ አማረ። በሰባተኛው ቀን ሴቶች ተሰብስበው ለሙሽራይቱ ሻሽ ያስራሉ፤ የእነሱ ወግ ነው። በዚያ ቀን ወርቋን ሁሉ አድርጋ ትቀመጣለች፣ አክስት ሁሉ እየተነሳች ትነካካለች፣ ታገላብጣለች፣ በእጇ ትመዝናለች። እዚያ መሃል የፋርቱን አክስት ኡባህ ቀለበቱን ከጣቷ አውልቃ ወደ ብርሃን አዞረችው። ነጭ ነበር። አምባሮቹንም አወለቁ። በብር ቀለም ተዥጎርጉረዋል።

ኡባህ ተነስታ «ለልጃችን ቅብ አመጣችሁላት!» አለች። ማርያን በሕይወቷ አንድ ጊዜ አፏ የተያዘው ያን ጊዜ ነው ይላሉ። ከተፈታ በኋላ ግን በነጋታው ረቡዕ ጠዋት ኒቆዲሞስ ሱቅ ነበረች፤ ከኋላዋ ኡባህ፣ ከኡባህ ኋላ ሻሿን እስከ ግንባሯ ያወረደች ፋርቱን፣ ከፋርቱን ኋላ ወሬ ያልፈለገ የሌለበት መንገድ ሙሉ ሰው።

«የእናቴን ወርቅ በልተህ ብር ቀብተህ ሰጠኸኝ!»

«ሦስት ቀን ፊቴ ተቀምጠሽ አልነበር?» አላት።

«ለሶላት ስነሳስ?»

«እህትሽን አስቀምጠሽ።»

«እህቴ ትተኛለች!»

እኔ በሬ ላይ ቆሜ አንጀቴ አርሯል። ሦስት ቀን እንደ ጉምሩክ ፈታሽ አፍጥጣበት፣ እያንዳንዷን የመዶሻ ምት ቆጥራ፣ አሁን ሌባ ትለዋለች። ግን ደስም አለኝ፤ እውነቴን ነው። በሉ እንግዲህ አልኩ በሆዴ። ይህ ሰውዬ ሳይጠየቅ ሠላሳ ዓመት አስተምሯል፤ ዛሬ ተጠየቀ። አሁን ያሰማችኋል።

ቀለበቱን ተቀብሎ በአጉሊ መነጽሩ አየው። አገላበጠው። ውስጡን በጥፍሩ ጫረው። ከዚያ «ፋርቱን፣ እጅሽን አሳዪኝ» አላት። ልጅቷ እጇን ዘረጋች። ይንቀጠቀጥ ነበር። ፈርታ ነው አልኩ። ኒቆዲሞስ እጇን ረጅም ጊዜ አየው። ፊቷንም አየ፤ ዓይኖቿ ሥር አብጧል። ከዚያ ቀና ብሎ በበሩ በኩል እኔን አየኝ። የሰውዬውን ዓይን አሥራ ስምንት ዓመት አውቀዋለሁ፣ እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም።

«እስከ ዐርብ ጊዜ ስጡኝ» አለ።

«ምን ሆኖ ነው የነጣው? ተናገር!» አለች ማርያን።

«እስከ ዐርብ።»

ይኸው ነው። ሌላ ቃል አልወጣውም። ማርያንም ዐርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌ ይዛ እንደምትመጣ፣ ወርቋን ካልመለሰ ሱቁን በከተማው ፊት እንደምታዘጋው ተናግራ ሄደች። ኡባህ ደግሞ በበኩሏ ወርቁ ካልተመለሰ ልጃችንን እንወስዳለን አለች። እንግዲህ በአንድ ቀለበት የአንድ ሰው ስምና የአንዲት ልጅ ትዳር ተንጠለጠለ፣ የሚያውቀው ሰው ደግሞ አፉን ለጎመ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ከተማው ሁሉ ሱቁን ዘግቶ ከሙቀቱ ይሸሻል። እኔ አልሄድኩም። በሩን ገፍቼ ገባሁበት።

«አንተ ሰውዬ ጤነኛ ነህ? አንዲት ሴት መዳቡን ስትጠይቅህ ግማሽ ቀን ታወራለህ። ሌባ ስትባል ዝም? ወይስ እውነት ወስደሃል?»

«ቁጭ በይ፣ በለጡ።»

«አልቀመጥም!»

ቀለበቱን አንስቶ አሳየኝ። «ቅብ ቢሆን የሚላጠው ከውጭ ነው፣ ዕቃ የሚነካው እሱ ነው። ይሄ የነጣው ከውስጥ ነው፣ ቆዳዋን በሚነካው በኩል። ብር አይደለም። ባዚቃ ነው፣ ሜርኩሪ የሚሉት። ባዚቃ ወርቅ ሲነካ ይገባበታል፣ ያነጣዋል።»

«ፋርቱን ባዚቃ ከየት ታመጣለች?»

ተነሳ። ወደ እኔ ሱቅ ሄደና ከመደርደሪያዬ ላይ ያቺን ክሬም ከነካርቶኗ ይዞ ተመለሰ። አጉሊ መነጽሩን አስጠግቶ ከካርቶኑ ሥር ያለችውን የጉንዳን እግር የምታክል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አነበበልኝ። ከወርቅ፣ ከብርና ከጌጣጌጥ ጋር እንዳይነካካ ይላል።

አራት ዓመት ሸጫታለሁ። አንድ ቀን ካርቶኗን ገልብጬ አላየሁም።

«ጌጥ እንዳያበላሽ ነዋ የተጻፈው!» አልኩት። «ሽቶም እኮ ጌጥ ያበላሻል። አንተ ራስህ ነህ የነገርከኝ።»

«ወርቅ ካበላሸ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ምን የሚሠራ ይመስልሻል? ሥራ ያስተማረኝ የመናዊ የጎራዴ እጀታ በባዚቃ ወርቅ እየለበጠ የኖረ ሰው ነበር። አምሳ ዓመት ሳይሞላው ሻይ በራሱ እጅ መጠጣት አቃተው። የፋርቱንን እጅ አይተሻል።»

«ፈርታ ነው የተንቀጠቀጠችው!»

«ክሬሙን እንድትተው ንገሪያት። ሐኪም ቤት ትሂድ። አንቺን ትሰማለች።»

«እሺ፣ ይሁን፣ ክሬሙ ነው እንበል። ለምን ለማርያን አትነግራትም ታዲያ?»

«ምን ብዬ? 'ቀይ ናት ብለሽ ያመጣሻት ልጅ ተቀብታ ነው' ልበላት? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት? ልጅቷን በነጋታው ይመልሷታል። አንቺንም ሱቅሽ ውስጥ አያስቀምጡሽም።»

«እና ምን ልታደርግ ነው?»

መሳቢያውን ከፍቶ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። የሟች ሚስቱ የጥሩሰው አምባር ነው። ጥሩሰው ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አምባሩን ከዚያ መሳቢያ ሲያወጣው ያየሁት በየተዝካሯ ሲያጥበው ብቻ ነው።

«ይበቃል» አለ። «በልኩ እሠራላቸዋለሁ።»

አበድኩ። በእውነት አበድኩ። ወርቁን ከተካ እኮ ሰረቅሁ ማለቱ ነው! ማን ነው ሳይሰርቅ የሚተካ? ከዚያ በኋላ ድሬ ውስጥ የዝንብ ክንፍ የምታክል ወርቅ የሚያምነው የለም። ይህን ሁሉ ጮኼ ነገርኩት። ደግሞም እኔ መርዝ ሸጬ እንደማላውቅ ነገርኩት። ሁሉን ነገር አውቃለሁ ባይ፣ ሰው አስለቃሽ፣ ደረቅ ብዬ ሰድቤው ወጣሁ።

ሱቄ ገባሁ። ልክ አለመሆኑን ላሳየው ፈለግሁ፤ አንዴ እንኳ፣ በሕይወቱ አንዴ! የጋብቻ ቀለበቴን አወለቅሁ። ባሌ ከሞተም በኋላ አውልቄው የማላውቀውን። የአንዷን ክሬም ክዳን ከፍቼ እስከ ታች ቀበርኩትና ዘግቼ ከባንኮኒዬ ሥር አስቀመጥኩት። ዐርብ አውጥቼ ፊቱ ላይ እወረውረዋለሁ አልኩ። ለፋርቱንም አንድ ቃል አልነገርኳት። ሐሙስ ደግሞ እንደ ልማዷ መጣች። «ኤዶ፣ ያቺን ስጪኝ» አለችኝ በለሆሳስ። ሰጠኋት። ይህን ስጽፍ አሁንም ራሴን እጠላዋለሁ።

ዐርብ ጠዋት ሱቄን ከፈትኩና ክዳኑን አነሳሁ። ቀለበቴን በሶፍት ጠረግሁት። እንደገና ጠረግሁት። የሸሚዜን ጫፍ አርጥቤ ፈተግሁት። የሃያ ስድስት ዓመት ቀለበቴ የሻይ ማንኪያ መስሏል።

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ፋርቱንን ብቻ አይደለም ያሰብኩት። ሳቢያን ሰፈር ካለው ትምህርት ቤት ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ የሚመጡት ልጆች አሉ። እርጉዝ ሆና የገዛችኝ አለች፤ ለሕፃን ልጇ ፊት የገዛችኝም አለች። ፊታቸው በተራ በተራ መጣብኝ። በዚያ ጠዋት አራት ደንበኛ መጥቶ ዘግቻለሁ ብዬ መለስኩ።

ከጁምዓ በኋላ መጡ። ሐጂ ሙሂዲን የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ከኒቆዲሞስ ሱቅ በር ላይ ወንበር ተደረገላቸው። ማርያን፣ ኡባህ፣ ዐብዲወሊና ፋርቱን ቆመዋል። መንገዱ ጢም ብሏል። እኛ ጋ አንቱታ ብዙ የለም፤ ሐጂም ወግ ሳያበዙ ገቡበት።

«ኒቆዲሞስ፣ አውቅሃለሁ። አባትህንም አውቃቸው ነበር። ይሄ ወርቅ ለምን ነጣ?»

«ሐጂ፣ ወርቁን እተካለሁ» አለ።

«የጠየቅሁህ ለምን ነጣ ነው።»

«እተካለሁ።»

ከሕዝቡ መሃል «ሌባ!» የሚል ድምፅ ወጣ። ማርያን እጇን አጨበጨበች። ኒቆዲሞስ አቀርቅሮ የጥሩሰውን አምባር ከጨርቁ ይፈታል፤ ቋጠሮው እምቢ ብሎታል። ያን ቋጠሮ ሲታገል ማየት አልቻልኩም።

«ተው እሱን!» ብዬ ገባሁ። «ሐጂ፣ እኔን ጠይቀኝ።»

ክሬሙንና ቀለበቴን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። «ይሄ የጋብቻ ቀለበቴ ነው። እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ጣቴ ላይ ያውቀዋል። ረቡዕ እዚህ ክሬም ውስጥ ከተትኩት፣ ዛሬ እንዲህ ሆኖ ወጣ። ኒቆዲሞስ ምንም አልሰረቀም። ክሬሙን ለፋርቱን የሸጥኩላት እኔ ነኝ። የእጅ ቅባት ነው ብዬ ነው የሰጠኋት፣ እሷ የምታውቀው ነገር የለም።»

የመጨረሻዋ ውሸት ናት። ልጅቷን ላድናት ነው የዋሸሁት፤ በዚያ ሳምንት የሠራሁት ብቸኛ ደግ ነገር ውሸት ሆኖ ቀረ።

ማርያን የሰደበችኝን አልጽፈውም። በሦስት ቋንቋ ነበር፣ በሦስቱም ልክ ነበረች። ሐጂ በእጃቸው ዝም አሰኟትና ኒቆዲሞስን «ወርቁ ይመለሳል?» አሉት። እሱም ያን ጊዜ ብቻ አፉ ተፈታ። በእሳት ባዚቃው እንደሚተን፣ ጭሱ ግን ከራሱ ከነገሩ የባሰ መርዝ እንደሆነ ነገራቸውና ሰዉን ሁሉ ነፋሱ ወደሚመጣበት አሻግሮ አቆመው። አፍንጫውን በእርጥብ ፎጣ አስሮ፣ መንገዱ መሃል ጡብ ላይ የፋርቱንን ቀለበት በጋዝ ነበልባል አጋለውና ፈጥኖ ሸሸ። ሲቀዘቅዝ በብሩሽ ፈትጎ ለሐጂ ሰጣቸው። ቢጫ ነበር። የማርያን እናት ወርቅ።

ሰዉ አጉረመረመ። ሐጂ «ይህን እያወቅህ ለምን ዝም አልክ?» አሉት። ኒቆዲሞስ የጥሩሰውን አምባር መልሶ በጨርቁ ይጠቀልል ጀመር።

ያን ጊዜ ፋርቱን ሻሿን ከግንባሯ ወደ ኋላ ገፋች።

«ስለ እኔ ነው ዝም ያለው። ኤዶ በለጠች አላታለለችኝም። አውቄ ነው የተቀባሁት።» ወደ ማርያን ዞረች፤ እነሱ እናትን ሆዮ ይላሉ። «ሆዮ ማርያን፣ ፎቶው ላይ ቀይ ነበርኩ። ለሰው ሁሉ ቀይ ናት ትዪ ነበር። ስታዪኝ እንዳትመልሺኝ ፈራሁ። እንቅልፍ ካጣሁ ወር ሆነኝ። ኩባያ አይጨበጥልኝም።»

ዐብዲወሊ ሚስቱን ያያል። ማርያን ወደ ፋርቱን ተራመደች።

«ናያ! አንቺ ልጅ፣ እኔን አይተሽኛል?» አለች። «እኔ ራሴ እንደ ከሰል ጥቁር አይደለሁም? ልጄስ? ማን ነው የሚመልስሽ? ቀይ ያልኩት ሰው ሁሉ እንደዚያ ስለሚል ነው እንጂ እኔ ምን አውቄ!» አለቀሰች፣ እየተሳደበች አለቀሰች። ከዚያ የፋርቱንን እጅ በሁለት እጇ ያዘችና መንቀጥቀጡን ልታቆም እንደፈለገች አጥብቃ ጨበጠችው። እጁ ግን አልቆመም። ሁላችንም አየነው። ማርያን ቀና ብላ ኒቆዲሞስን «ይሄስ በእሳት አይመለስም?» አለችው። ኒቆዲሞስ ወደ መንገዱ ሮጠና ባጃጅ አስቆመ።

በዚያው ባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰዷት። ኩላሊቷ ተነክቷል አሉ፤ ክሬሙን ካቆመች በጊዜ ይሻላታል፣ የእጇን ግን እናያለን አሉ። ትዳሯ አልፈረሰም። ማርያን ለኒቆዲሞስ ይቅርታ አልጠየቀችም፣ ያን አትችልም፤ ግን ዘመዶቿን ሁሉ እሱ ጋ እየላከች ወርቅ ታሠራለች፣ የምታስቀምጠው ጠባቂም የለም። እኔ ያሉኝን ክሬሞች በሙሉ በጆንያ ጠቅልዬ ጤና ቢሮ አስረከብኩ። የገዙኝን የማውቃቸውን ልጆች በየቤታቸው ሄጄ ነገርኩ። ግማሾቹ ሰደቡኝ፣ ግማሾቹ አመሰገኑኝ፣ አንዷ በሩን ዘጋችብኝ። ይገባኛል።

ወሬው ከተማውን ለመዞር ሦስት ቀን ፈጀበት። ማክሰኞ ሱቄን እንደከፈትኩ አንዲት የማላውቃት ልጅ መጣች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ባዶውን መደርደሪያ አየች፣ ግራና ቀኝ ተመለከተች፣ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«ኤዶ፣ ያቺ ወርቅ ያነጣችው ክሬም አንቺ ጋ ናት አሉ።»

ለመጮኽ አየር ሳብኩ። ነገርኳት፤ ስለ ባዚቃው፣ ስለ ኩላሊቱ፣ ስለ ፋርቱን እጅ። ሁሉንም፣ አንድ ሳላስቀር። በትዕግሥት ሰማችኝ። ራሷንም እየነቀነቀች ነበር፣ የገባት መስሎኝ ደስ አለኝ። ስጨርስ ክንዴን ዳበስ አደረገችኝ።

«አታስቢ ኤዶ፣ ገብቶኛል» አለችኝ። «ቀለበቴን አውልቄ ነው የምቀባው።»